አውቶቡሱ የት ይደር?

በእኛ ከተማ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሠራበትን ዕቃ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ልማዱን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ የሚያፈርሰውም አልተገኘም። ዳኛው ወንበሩን ወስዷል፤ ሚስቱ በርበሬ ታሰጣበታለች። ደብዳቤ አዳዩ ቦርሳውን ወስዷል፤ የጎረቤቱ ውሻ ዛሬም ቦርሳውን ሲያይ ይጮኻል። የከተማው ደወል መቺ ደወሉን ይዞ ስለገባ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ሰዓቱን የምናውቀው በሰውየው ቤት ለምሳ ሲደወል ነበር።

ዕቃው ግን ሜዳ ላይ ማደር የለበትም። ክረምት ሲገባ ከጣሪያ በታችና ከተዘጋ በር በስተኋላ ያልተገኘ የሥራ ዕቃ ይሰበራል። ዕቃው የተሰበረበት ሰው ደግሞ እንዳልሠራ ይቆጠራል፤ ስሙም ከሠራተኞች መዝገብ ይፋቃል። አንድ አናጺ መጋዙን ዝናብ ላይ ረስቶት ስሙ ተፍቋል። በአርባ ዓመት ውስጥ በሠራቸው ቤቶች አጠገብ ሲያልፍ ሰው «ይሄን ማን ሠራው?» ብሎ ሲጠይቀው «እኔ እንጃ» እያለ ይመልሳል። ሌላ መልስ አይፈቀድለትም።

አባቴ ፈንታሁን የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ከከተማችን ወደ ቆላ ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል። ከሳምንቱ አምስቱን ቀን መንገድ ላይ ነበር፤ የቀሩትን ሁለቱን ይተኛል። እናቴ አትጠገብ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ አንድ ልጃቸው ነኝ። አባቴን ከፊቱ ይልቅ በጀርባው ነበር የማውቀው፤ ወይ ሲሄድ፣ ወይ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሲተኛ።

ጡረታ የወጣ ዕለት በአደባባይ ተሸኘ። የማደሪያ ሹሙ አቶ ቀጸላም መጣ። የእርሱ ሥራ በከተማዋ ያለ ነገር ሁሉ የት እንደሚያድር ማወቅ ነው። ሥርዓቱ ሹሙ የአውቶቡሱን ቁልፍ ለአባቴ እንዲያስረክብ ያዛል፤ ቁልፉ ግን አባቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ስለዚህ አባቴ ቁልፉን አውጥቶ ለሹሙ ሰጠው፣ ሹሙ መልሶ ሰጠው፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። አባቴ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ።

ከዚያ ነድቶ መጣና ደጃችን ላይ አቆመው። ስልሳ ሰው የሚጭን አውቶቡስ ነው። ጥላው የጎረቤታችንን የእትዬ ድንቅነሽን አጥር ተሻግሮ የተሰጣ አንሶላዋ ላይ ወደቀ።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ ፀሐያችንን ወሰዱብን እኮ!» አለች አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ። «አንሶላዬ በምን ይድረቅልኝ?»

«ይቅርታ እትዬ፣ ትንሽ ላስጠጋው» አለና ወደ ፊት አስጠጋው። ጥላው አንሶላውን ለቅቆ ዶሮዎቿ ላይ አረፈ። ዶሮዎቹ የመሸ መስሏቸው ቆጥ ላይ ወጡ።

የመጀመሪያውን ሳምንት አባቴ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆነ። ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ወንበር ላይ ሲቀመጥ ጫፉ ላይ ነው፤ ሌላ ሰው ሊመጣ ነው እንደተባለ ሁሉ። ከደጅ ሲመለስ በሩን ያንኳኳ ነበር። በአራተኛው ቀን እማዬ «ቤትህ እኮ ነው፤ አታንኳኳ» አለችው።

«እሺ» አለ። በማግስቱ በማንኳኳት ፈንታ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው አውቶቡሱ ውስጥ ነበር። መስታወቱን ይወለውላል፤ ወንበሮቹን ይቆጥራል። እማዬ ምሳውን ሸፍና ትልክለታለች። እኔ በፊት ለፊቱ በር ስገባ፣ ከልማድ የተነሳ መሆን አለበት፣ «ግቢ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በይ» ይለኛል።

በከተማችን እያንዳንዱ ቤት የመኪና ማደሪያ አለው። መኪና ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ሰው ሽንኩርትና የሠርግ ድንኳን ያስቀምጥበታል። በሮቹ ሁሉ ቁመታምና ሰፋፊ ናቸው፤ ደንቡን ያወጣው ሰው ከነጭነቱ የሚገባ ግመል ነበረው ይባላል። የእኛ ማደሪያ የእማዬን የጨርቅ ጥቅሎች ይዞ ኖሯል። እነሱን አውጥተን ጠረግነው። አባቴ ሞተሩን አስነሳና ቀስ እያለ ገባ። ግማሹ ገባ፤ አፍንጫው የኋላውን ግድግዳ ነካ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ።

አባቴ ወርዶ ከፊትም ከኋላም አየው። «ትንሽ ይረዝማል» አለ።

ከግድግዳው ወዲያ ያለው የእማዬ የስፌት ክፍል ነው። ያን ክፍል አባቴ መንገድ ላይ እያለ በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ነው የሠራችው፤ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወለሉን፣ በመጨረሻ በምሥራቅ በኩል ያለውን ትልቅ መስኮት። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ከስፌት መኪናዋ ላይ ያርፋል። ሰው ልብስ ሊለካ ሲመጣ እንኳ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። አባቴ ግድግዳውን አየና ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። ግድግዳ ማፍረስ ይፈቀድ እንደሆነ መጠየቅ አለብን ያለችው ራሷ እማዬ ናት። የተናገረችው መርፌ አፏ ውስጥ ይዛ ስለነበር ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም።

ሦስታችንም ወደ ማደሪያ ጽሕፈት ቤት ሄድን።

አንባቢ እንዲገባው የእኛን ከተማ አለካክ መናገር አለብኝ። እኛ ዘንድ ነገር የሚለካው በባለቤቱ እርምጃ ነው። «አፍ ይዋሻል፣ እግር አይዋሽም» ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ቤትን በቤቱ የሚኖር ሰው ይራመደዋል፣ መኪናን የሚነዳው ሰው፤ ሹሙ ቆጥሮ ይጽፋል። ሁሉም ሰው በገዛ እግሩ ስለሚለካ ክርክር የለም።

አቶ ቀጸላ መነጽሩን አድርጎ መዝገቡን ገለጠ። «አውቶቡስ፣ በሹፌሩ በፈንታሁን እርምጃ፣ አሥራ አራት። የመኪና ማደሪያ፣ በወይዘሮ አትጠገብ እርምጃ፣ አሥራ ስድስት።» ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «ሁለት እርምጃ ይተርፋችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ!»

«ጌታዬ፣ አልገባም እኮ» አለ አባቴ።

«ይገባል። እዚህ ላይ ገብቷል።»

«ግማሹ መንገድ ላይ ነው።»

«እንግዲህ ያ የእናንተ ጉዳይ ነው» አለ አቶ ቀጸላ፣ ሳይቆጣ። ክፉ ሰው አይደለም። «ግድግዳ የማፍረስ ፈቃድ የሚሰጠው ላልገባለት ሰው ነው። ለእናንተ ገብቶላችኋል። ያለ ፈቃድ ብታፈርሱ ቤቱም አውቶቡሱም ይወሰዳል። ክረምት ሲገባ በሩ ካልተዘጋ ደግሞ ማስገባት ያልፈለገ ሹፌር ተብሎ አውቶቡሱ ይቆራረጣል። ሕጉን ታውቁታላችሁ።»

አባቴ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆመ። እናቴ ግን መዝገቡን በጣቷ ነካ አደረገች።

«መቼ ነው እኔ ይሄን የተራመድኩት?»

አቶ ቀጸላ አነበበ። ቀኑን ሲጠራ ደነገጥኩ፤ እኔ ከመወለዴ ሁለት ቀን በፊት ነበር። መዝገቡ ሌላም ነገር ይላል፦ «ለኪዋ ነፍሰ ጡር። እግሯ ያበጠ። ግድግዳ ይዛ የሄደች። ብቻዋን።»

«እና እንደገና ብራመደውስ?» አለች እማዬ።

«በዕድሜ አንድ ጊዜ ይፈቀዳል። ግን በዚያው እግር፣ በዚያው ሁኔታ ነው። ዝም ብሎ ሰው እየተነሳ እንደልቡ ቢራመድ ከተማ አይኖርም።» ሹሙ መዝገቡን ዘጋ። «የዛሬ ሳምንት ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። ክብደቱም ይቅረብ።»

«የምን ክብደት?» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«በሆዷ የነበረው ነዋ!»

በዚያ መዝገብ ላይ ከስሜ በፊት የተጻፈልኝ ይህ እንደሆነ ያን ዕለት አወቅሁ።

በዚያ ሳምንት ነገሩ የሰፈሩ ወሬ ሆነ። አውቶቡሱ ግማሹ ከውስጥ ግማሹ ከውጭ ሆኖ ስለቆመ መንገደኛው ሁሉ እየዞረ ያልፋል፤ ሲያልፍም ሐሳብ ይሰጣል። እትዬ ድንቅነሽ እማዬን አጥር ላይ ይዛት አየሁ።

«ስሚ አትጠገብ፣ ነገሩ ያለው በእግርሽ ነው። እንደ ያኔው ዝግ ብለሽ ሄደሽ አሥራ ስድስት በይና ክፍልሽ ውስጥ በሰላም ስፊ። ማን ምን ይልሻል? ሕግ ነው።»

«አውቶቡሱስ?»

«አውቶቡሱ አንቺን ምን አደረገልሽ? ሰውዬሽን ሠላሳ አንድ ዓመት ይዞብሽ የዞረ!»

እማዬ የተሰጣ ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

አባቴም አንዲት ቃል አልጠየቃትም። እንዲህ ተራመጂልኝ፣ ክፍሉን ተይልኝ አላለም። እኔ ግን አየሁት፤ አውቶቡሱ ውስጥ ከራሱ ወንበር ተነስቶ ከኋላ በኩል የተሳፋሪ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረ። ስሙ ከመዝገብ ቢፋቅ ያን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ ሲባል የሚመልሰው አይኖረውም። በመንገድ ያጣነው አባት በመንገድም አልነበረም ሊባል ነው። ይህን እያሰብኩ ለእርሱም ለእርሷም አዘንኩ፤ ለማን ይበልጥ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ሹሙ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀር ምሳውን ራሷ እማዬ ይዛለት ወጣች። እኔም ውኃ ይዤ ተከተልኳት። ከጎኑ ተቀመጠች። ገበታው ጭናቸው ላይ ነበር። ጥቂት ከበሉ በኋላ አባቴ መስኮቱን እያየ ጠየቃት፦

«ያን ቀን እንዴት ነበር የሄድሽው?»

«የቱን ቀን?»

«ሹሙ ያነበበውን። እኔ የት ነበርኩ?»

«ድልድዩ ተሰብሮ ወንዝ ማዶ ቀርተህ ነበር። ዘጠኝ ቀን።» ጉርሻ ጠቀለለችና በእጇ ያዘችው። «ለኪዎቹ በጠዋት መጡ። ባልሽ የለም ወይ አሉኝ፤ የለም አልኳቸው። እንግዲያው አንቺ ተራመጂ አሉኝ። እግሬ ጫማ አይገባለትም ነበር። ግድግዳውን ይዤ አንድ እርምጃ ስሄድ አርፋለሁ፣ አንድ ስሄድ አርፋለሁ። መሀል ላይ ስደርስ ቁርጠት ያዘኝ። ልቀመጥ እንዳልል ሰዎቹ ቆመዋል፤ አፈርኩ። ስንት ቀረኝ ብዬ ስጠይቅ፣ አይቆጠርልሽም ቀጥይ አሉኝ። ቀጠልኩ።»

«ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«መቼ ልንገርህ? ስትመጣ ልጅ ተወልዳለች፤ አንተም እንቅልፍ ይዞህ ነበር።»

እማዬ የያዘችውን ጉርሻ አጎረሰችው፤ ለረጅም ጊዜ አላመጠው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አቶ ቀጸላ ሁለት ጸሐፊዎችና አንድ ቁና ዱቄት አስይዞ መጣ። አውቶቡሱ ከማደሪያው ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ። ሰፈርተኛው አጥር ለአጥር ተሰለፈ። ዱቄቱ በከረጢት ተደርጎ በነጠላ እማዬ ሆድ ላይ ታሰረ። ላበጠው እግሯ ምትክ ሦስት ወፍራም ካልሲ በላይ በላዩ እንድታደርግ ታዘዘች። እማዬ የታዘዘችውን ሁሉ አደረገች። ቀጥሎ ሹሙ ወደ እኔ ዞረ።

«ክብደቱ አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ከዚያ ወዲህ ጨምረሻል።»

«አዎ ጌታዬ።»

«በአጠገቧ ሂጂ፤ ግን እንዳትነኪያት። ዱቄቱ አንቺን ተክቷል።» ለጸሐፊዎቹ ምልክት ሰጠ። «ወይዘሮ አትጠገብ፣ ግድግዳውን ይያዙ። ብቻዎን ነዎት። ይጀምሩ።»

እማዬ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። የመጀመሪያውን እርምጃ ተራመደች፤ ትንሽ ነበር፤ ካልሲው ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። «አንድ» አለ ሹሙ። ሁለተኛውም ትንሽ ነበር። «ሁለት።» እትዬ ድንቅነሽ ከአጥሩ ላይ «እሰይ፣ እንደሱ!» ስትል ሰማሁ።

ከሁለተኛው በኋላ እማዬ ቆመች። ለማረፍ ይሁን ለማሰብ አላወቅሁም። ዓይኗ ከኋላው ግድግዳ ላይ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናዋ አለ፤ ያልተጨረሰ የሙሽራ ቀሚስም ማንጠልጠያው ላይ አለ።

ያኔ አባቴ በሩን አልፎ ገባ። አላንኳኳም፣ ጉሮሮውንም አልጠረገም። አጠገቧ ደርሶ፣ ግድግዳውን ከያዘው እጇ በወዲያኛው በኩል ክንዷን ያዘ።

«አቶ ፈንታሁን!» አለ ሹሙ። «መዝገቡ ብቻዋን ነው የሚለው።»

«መዝገቡ ልክ ነው፤ ብቻዋን ነበረች» አለ አባቴ። «እኔ ነኝ ያልነበርኩት። እንደ ያኔው ካላችሁ፣ ያኔ መኖር የነበረብኝ እዚህ ጋ ነው።»

«እንደዚህማ ከሆነ መለካቱ ይቀራል። አውቶቡሱን ታጣለህ።»

«ልጣው» አለ። ከዚያ ወደ እርሷ ዞሮ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው ሆኖ፣ «አትጠገብ፣ አንቺ እንዳሻሽ ሂጂ። ትንሹንም ሂጂ። እኔ ልያዝሽ ብቻ ነው» አላት።

ሹሙ ባል ሚስቱን በመያዙ የሚቀጣበትን አንቀጽ እንዲፈልጉ ጸሐፊዎቹን አዘዘ። አገላበጡ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ፈለጉ፤ አላገኙም። የሚከለክል አልነበረም፤ ሕጉን የጻፉት ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን አላዩም መሰል። ሹሙ ላቡን ጠረገና «ይቀጥሉ» አለ።

እማዬ እጇን ከግድግዳው አነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ የዱቄቱ ከረጢት ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ነበር። ክብደቷን አባቴ ላይ ጣለችና ሦስተኛውን ተራመደች። ሰው ጎርፍ ሲሻገር እንደሚራመደው ነበር የተራመደችው። ሹሙ መቁጠር ረስቶ ቆየ፤ «ሦስት» ያለው ዘግይቶ ነው። አራት። አምስት። በእናቴ ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ሳቅም እንባም አልነበረም፤ ረጅም መንገድ ሄዳ የምታርፍበትን ቦታ ያየች ሰው መስላ ነበር። በዘጠነኛው እርምጃ የእግሯ ጣት የኋላውን ግድግዳ ነካ።

«ዘጠኝ» አለ አቶ ቀጸላ። መዝገቡን አየ፣ እግሯን አየ፣ አባቴን አየ። «አውቶቡሱ አሥራ አራት ነው። አምስት እርምጃ ይጎድላል። አልገባም ማለት ነው።» ማኅተሙን አወጣ። «ግድግዳው ይፍረስ። አምስት እርምጃ ወደ ኋላ።»

«በማን እርምጃ?» ብሎ ጠየቀ አንዱ ጸሐፊ።

ሹሙ አሰበ። «በሁለቱም» አለ፤ እንዲሁ ተጻፈ።

አምስቱ እርምጃ የስፌት ክፍሉን ከነመስኮቱ ወሰደው። ግንበኛው የምሥራቁን መስኮት ነቅሎ ግቢው ውስጥ ሲያጋድመው እትዬ ድንቅነሽ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ወይኔ አትጠገብ፣ ያን የመሰለ መስኮት! አንጀቴን በላሽው።»

«ምን ሆንኩና?» አለች እማዬ፣ አቧራውን ከፀጉሯ እያራገፈች። «አውቶቡሱ እኮ ሃያ ሁለት መስኮት አለው።»

ክረምት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ፣ አቶ ቀጸላ በሩ መዘጋቱን ሊያይ መጣ። እኔና እርሱ መንገዱ ላይ ቆምን። አባቴ መሪው ላይ ነበር። እማዬ ከወዲያኛው ጫፍ፣ የስፌት መኪናዋ በነበረበት ቦታ ቆማ መንገድ ታሳየዋለች። አውቶቡሱ በሩን ስለሞላው አትታየንም፤ ድምፅዋ ብቻ ነበር የሚመጣው።

«ና! ... ና! ... ቀኝህን ጠብቅ ... ና!»

አውቶቡሱ አንድ ክንድ ይገባና ይቆማል።

«አልነካሁሽም?» ይላል አባቴ።

«አልነካኸኝም! ገና ነህ፣ ና!»

«እዚያ ጋ አትቁሚ፣ እፈራለሁ።»

«አትፍራ እኮ አልኩህ! እያየሁህ ነው። ና!»

የኋላ መብራቶቹ የበሩን ደፍ አለፉ። እኔና አቶ ቀጸላ የበሩን ሁለት ክንፎች ያዝን፤ ገፋን፤ አንድ ላይ ገጠሙ። ሹሙ ክፍተት እንዳለ በጣቱ ዳበሰ። የለም። ወረቀቱን አወጣና ማኅተሙን አተመበት። ሞተሩ ከውስጥ ጠፋ።

«ባለቤቶቹ ይፈርሙ» አለ።

«ውስጥ ናቸው» አልኩት።

ጠበቅን። ከበሩ ወዲያ አባቴ ቀስ ብሎ የሚናገረው ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ እናቴ ስትስቅ ሰማን። እንደዚያ ስትስቅ እኔም ሰምቻት አላውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች መንገዱ ላይ አረፉ፤ አቶ ቀጸላ ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ ከተተ።

«መቼ ይወጣሉ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት።

በሩ ላይ ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፤ መልሶ አወረደው። ከጣራው ክፈፍ ሥር ተጠግተን፣ ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተን፣ ጎን ለጎን ቆምን።